ፈቃዳችንን ማን ሸጠው?

እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል «ሪደር» የተባለውን አገልግሎቱን ዘጋ። ከብዙ ድረ ገጾች የሚወጣውን ጽሑፍ በአንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያስነብብ ነበርና የለመደው ሰው ሜዳ ላይ ቀረ፤ ብዙው ፊድሊ ወደተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት ዞረ። በዚያ ግርግር መካከል አሚት አጋርዋል የተባለ ታዋቂ ህንዳዊ የቴክኖሎጂ ጸሐፊ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ክሮም በተባለው የጉግል ብሮውዘር ሱቅ ላይ በነፃ አስቀመጠ። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፦ አንባቢው የወደደውን ድረ ገጽ በአንድ ጠቅታ ፊድሊ ውስጥ ማስገባት። እሱ ራሱ እንደጻፈው፣ ሠርቶ ለመጨረስ የፈጀበት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከ30,000 በላይ ሰዎች ጫኗት። ከዚያ አንዲት የማያውቃት ሴት በኢሜይል መጣችና «ሽጥልኝ» አለችው። ያቀረበችለት ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ለአንድ ሰዓት ሥራ ይህን ያህል ገንዘብ ማን እምቢ ይላል? ተስማማ፤ ገንዘቡ ገባ፤ ባለቤትነቱም ወደ ሌላ የጉግል አካውንት ተዛወረ።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አዲሱ ባለቤት አዲስ እትም ለቀቀ። የተጨመረ አገልግሎት የለም፤ የታረመ ስህተትም የለም። የተጨመረው ማስታወቂያ ብቻ ነው። ያውም ፊድሊ ላይ ሳይሆን ተጠቃሚው በከፈተው ገጽ ሁሉ ላይ ከበስተጀርባ ሆኖ ሊንኮችን ገንዘብ በሚያስገኙ ሊንኮች የሚተካ። ጃንዋሪ 2014 ላይ አጋርዋል ታሪኩን ከነስህተቱ በግልጽ ጻፈው። ብዙም ሳይቆይ ጉግል ይህችንና «ትዊት ዚስ ፔጅ» የተባለች ሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ከሱቁ አወጣ።

ይህ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። ስለ ብሮውዘርና ስለ ማስታወቂያ በተነሳ ቁጥር ግን ወደዚህ ጉዳይ የምመለሰው በምክንያት ነው። በዚያ ሽያጭ ላይ ሻጭ ነበረ፣ ገዢ ነበረ፣ ዋጋም ነበረ። የተሸጠው ግን የአንድ ሰዓት ኮድ አልነበረም፤ ኮዱንማ ገዢዋ ለማንም ባለሙያ ከፍላ ልታሠራው ትችል ነበር። የተሸጠው የ30,000 ሰው ፈቃድ ነው። ከ30,000ው አንዱን እንኳ የጠየቀ የለም።

ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን አሠራሩን ላስረዳ። ኤክስቴንሽን፣ ክሮምን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው «ቅጥያ» ተብሎ የሚያየው፣ ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። የስክሪን ፎቶ የሚያነሳ አለ፣ ቪዲዮ የሚያወርድ አለ፣ የፊደል ግድፈት የሚያርም አለ። ብዙዎቹ ሲጫኑ ብሮውዘሩ አንድ ጊዜ ይጠይቀናል፦ በምንከፍታቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ እንዲያነብና እንዲለውጥ እንፈቅዳለን ወይ? አብዛኞቻችን ሥራ ላይ ነን፣ እንቸኩላለን፣ ተጭነን እናልፋለን። ጥያቄው ግን ከባድ ነው። ማንበብ ሲባል ኢሜይሉንም፣ የባንክ ገጹንም፣ ለሐኪም የጻፍነውንም ይጨምራል። መለወጥ ሲባል ደግሞ ገጹ ኮምፒውተራችን ላይ ከደረሰ በኋላ ያልነበረውን መጨመር፣ የነበረውን ማንሳት፣ አንዱን ሊንክ በሌላ መተካት ነው። መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚደረገው ምስጠራ እዚህ አያድንም። ምስጠራው የሚጠብቀው መንገዱን ነው፤ ኤክስቴንሽኑ የተቀመጠው ግን መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀን የለም። ኤክስቴንሽኖች ራሳቸውን በራሳቸው ያድሳሉ፤ እኛ ተኝተን አዲሱ እትም ይገባል። ይህ አሠራር ለበጎ የተሠራ ነው፤ አንድ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ በሚሊዮኖች ኮምፒውተር ላይ በጥቂት ሰዓት እንዲደፈን ያደርጋል። ነገር ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ማረሚያው በሚመጣበት በር ማስታወቂያውም ይመጣል። ክሮም አንድ መከላከያ አለው፤ አዲሱ እትም ከበፊቱ የሰፋ ፈቃድ ከፈለገ ኤክስቴንሽኑን አቁሞ ተጠቃሚውን እንደገና ይጠይቃል። ሰፊውን ፈቃድ ከመጀመሪያው ይዞ የተቀመጠው ግን ምን ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል? እንዲህ ያለ ፈቃድ በእጁ ያለ፣ ብዙ ሰው የጫነው፣ ሠሪው ደግሞ ምንም የማያገኝበት ኤክስቴንሽን ለገዢ የሚጥም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰፈራችን ባለ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባት የልጃቸውን የፈተና ውጤት ሊያዩ መጡ። የመለያ ቁጥሩን በብጫቂ ወረቀት ይዘውታል። ጸሐፊዋ ገጹን ከፍታ ቁጥሩን አስገባች፤ ውጤቱ መጣ። ከሰንጠረዡ በላይ ግን «ዳውንሎድ» የሚል ሰፊ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ የስልክ ሽልማት ደርሶዎታል የሚል ሥዕል ብልጭ ድርግም ይላል። አባትየው ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ።

«እሱን ተጫኚልኝ እንጂ ልጄ፣ ወረቀቱ ይውጣልን።»

«ይተዉት አባባ፣ እሱ ማስታወቂያ ነው።»

«የመንግሥት ገጽ ላይ የምን ማስታወቂያ ነው ደግሞ!»

አባትየው ልክ ነበሩ። ገጹ ላይ ማስታወቂያ አልነበረም። ያንኑ ገጽ በስልኬ ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ሰንጠረዡ ብቻ ነው ያለው፤ አረንጓዴው ቁልፍም ሽልማቱም የሉም። ጸሐፊዋ የኔትወርክ ችግር ይመስላት ነበር። «ሁሉም ላይ እኮ ነው የሚመጣው፤ ለምጄዋለሁ» አለች። የኤክስቴንሽኖቹን ዝርዝር ከፈትን። ከመካከላቸው ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር አንድ ነበረ። እሱን አጥፍተን ገጹን እንደገና ስንከፍተው ቁልፉ የለም፤ ሽልማቱም የለም። ጸሐፊዋ ግን ደስ አላላትም።

«እሱንማ አታጥፋብኝ ወንድሜ፤ የሰዉን ሲቪ የማስተካክለው እኮ በሱ ነው።»

እውነቷን ነው። ኤክስቴንሽኑ ሥራውን በደንብ ይሠራል። የተባለውን ያደርጋል፣ አይበላሽም፣ ኮምፒውተሩንም አይዘጋም። እንጀራዋ የሚጋገርበት መሣሪያ ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው ብላ ልትጠረጥረው አልቻለችም። ሰዎች ስለ ቫይረስ የሚያውቁት ነገር እዚህ ላይ አይረዳቸውም። ቫይረስ ጠላት ሆኖ ይመጣል፤ ይህ ግን ስሙም አገልግሎቱም ያለው፣ ጠርተን ያስገባነው ነው።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን የአባትየው መተማመን ነው። ልጃቸው ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ውጤት ሊያዩ መጥተዋል። ገጹ የመንግሥት መሆኑን ያውቃሉ፤ የመንግሥት ገጽ ላይ ያለ ቁልፍ ደግሞ የመንግሥት ነው ብለው ያምናሉ። ማመናቸውም ትክክል ነው፤ ዜጋ ከመንግሥት ተቋም ጋር የሚገናኘው በዚህ እምነት ነው። ያ አረንጓዴ ቁልፍ የራሱ የሆነ ምንም ተአማኒነት የለውም፤ የተበደረው ከገጹ ነው። ቁልፉን ተጭነው አንድ ነገር ቢደርስባቸው ወቀሳው የሚያርፈው ውጤቱን ባሳወቀው ተቋም ላይ ነው፤ ተቋሙ ግን ገጹ ላይ ምን እንደተለጠፈ አያይም፤ ከእሱ ሰርቨር የወጣው ንጹሕ ገጽ ነውና።

የችግሩን ስፋት የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጉግል ከበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ባወጣው ጥናት፣ የጉግልን ገጾች ከሚጎበኙት የኢንተርኔት አድራሻዎች 5.5 በመቶው ላይ እንዲህ ያለ ጣልቃ የገባ ማስታወቂያ ተገኝቷል። ማስታወቂያ የሚያስገቡ 50,870 የክሮም ኤክስቴንሽኖች ተለይተዋል። ከተጠቂዎቹ ግማሾቹ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለትና ከዚያ በላይ ተጭኖባቸዋል። በዚያው ዓመት በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ ከክሮም ተጠቃሚዎች ከ100,000 በላይ አቤቱታ መምጣቱን ጉግል ራሱ ተናግሯል፤ የኔትወርክም ሆነ የፍጥነት ችግር ይህን ያህል አቤቱታ አላመጣም። 14 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችን የነኩ 192 አታላይ ኤክስቴንሽኖችም ታግደዋል።

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድም ተመራማሪዎቹ ተከትለውታል። መጨረሻ ላይ የሚከፍሉት ሲርስን፣ ዎልማርትን፣ ታርጌትንና ኢቤይን የመሳሰሉ የታወቁ ሻጮች ነበሩ፤ ማስታወቂያቸው በዚህ መንገድ እንደሚሰራጭ ግን ብዙ ጊዜ አያውቁም ነበር። በከፋዩና በሰው ስክሪን መካከል ደላላ በደላላ ላይ ተደራርቧል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይወስዳል፤ ማንም ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ጽሑፉን ጽፎ ገጹን ያቆመው ሰው ከዚህ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አያገኝም። አንባቢው ደግሞ ኪሳራው ላይ ነው። ዳታ በሜጋ ባይት እየተገዛ ባለበት አገር፣ ያልጠራነው ሥዕልና ቪዲዮ በራሳችን ጥቅል ይወርዳል። ላፕቶፑን ከስልኩ ኢንተርኔት አገናኝቶ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ ጥቅሉ ቶሎ ሲያልቅበት ቴሌን ያማል እንጂ ኤክስቴንሽን መኖሩን አያስብም።

በዚያ ጥናት ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ሱፐርፊሽ የተባለ ድርጅት ነው። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የዚሁ ድርጅት ሶፍትዌር ከፋብሪካ የተጫነባቸውን ላፕቶፖች ሸጧል። ሶፍትዌሩ ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል የምስጠራውን ጥበቃ ጭምር ይሰብር ነበር። በ2017 ሌኖቮ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከ32 ግዛቶች ጋር ተስማምቶ ለግዛቶቹ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እዚያ ቢያንስ የሚጠየቅ ድርጅት ነበረ፤ አድራሻ ነበረው፤ ተጠየቀም። በኢሜይል የመጣች ገዢ ግን ለማን ትከሰሳለች?

ጉግል ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 አንድ ኤክስቴንሽን አንድ ዓላማ ብቻ ይኑረው የሚል ሕግ አወጣ። በ2018 ማንም ድረ ገጽ ሰውን ወደ ሱቁ ሳይወስድ እዚያው በዚያው ኤክስቴንሽን የሚያስጭንበትን መንገድ ዘጋ። አሁን ደግሞ ኤክስቴንሽኖች ከውጭ ሰርቨር ኮድ እያመጡ እንዳያስኬዱ ከልክሏል። ሆኖም ሽያጩ አልቆመም። «ግሬት ሰስፔንደር» የተባለው፣ የኮምፒውተር ሜሞሪ የሚቆጥብ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ የነበረው ኤክስቴንሽን በ2020 ማንነቱ ላልታወቀ አካል ተሸጠ። ተጠቃሚዎች ለወራት ከጮሁ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ጉግል ጎጂ ነው ብሎ አገደው። ያልተሸጠውም ይሰረቃል። ኦገስት 2017 ላይ «ዌብ ዴቨሎፐር» የተባለውን፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚጠቀምበትን መሣሪያ የሠራው ባለሙያ በሐሰተኛ ኢሜይል ተታሎ አካውንቱን አሳልፎ ሰጠ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማስታወቂያ የሚለጥፍ እትም ተለቀቀ። በ2023 ደግሞ «ፒዲኤፍ ቱልቦክስ» የሚባል፣ ሁለት ሚሊዮን ተጠቃሚ የነበረው ኤክስቴንሽን የተደበቀ ኮድ እንዳለው ቭላዲሚር ፓላንት የተባለ የደህንነት ተመራማሪ አጋለጠ። አቫስት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ተከታትሎ እንዲህ ያሉ 32 ኤክስቴንሽኖች አገኘ፤ በሱቁ ቆጠራ መሠረት በድምሩ 75 ሚሊዮን ጊዜ ተጭነዋል። ከተጫኑ በኋላ 24 ሰዓት ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ የጫንከው ነገ ሲያስቸግርህ ከየት እንደመጣ እንዳታስታውስ ነው።

ሠሪዎቹን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም። አንድ ሰው ማታ ማታ ከእንቅልፉ ቀንሶ ለሚሊዮን ሰው የሚጠቅም ነገር ይሠራል። አመስጋኝ የለውም፤ ሲበላሽ ግን ተሳዳቢ ሞልቷል። ከዚያ ገንዘብ ያቀረበ ይመጣል። የቤት ኪራይ ያለበትን፣ ልጅ የሚያሳድገውን ሰው «ለምን ሸጥክ?» ብዬ ልፈርድበት አልችልም። መሸጥ መብቱ ነው። የእሱ ያልሆነውን አብሮ መሸጡ ግን መብቱ አይደለም፤ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም ለእሱ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ኤክስቴንሽን ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ፈቃድ ይውደቅ። ባለቤትነቱ በተዛወረበት ቀን በሁሉም ተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ ይቁም፤ ብሮውዘሩም «ይህ መሣሪያ ከእገሌ ወደ እገሌ ተላልፏል፤ በገጾችዎ ላይ ያለውን ሁሉ እንዲያነብና እንዲለውጥ ይፈቅዳሉ ወይ?» ብሎ በሚገባን ቋንቋ ይጠይቅ። ይህ ሊሠራ የማይችል ነገር አይደለም። ተጨማሪ ፈቃድ ሲፈለግ አቁሞ የሚጠይቀው ዘዴ ዛሬም በሥራ ላይ አለ፤ የቀረው እሱኑ ለባለቤት ለውጥም ማዋል ነው። ገዢዎች ይቀንሳሉ፣ የኤክስቴንሽን ዋጋም ይወድቃል የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል። የሚወድቀው ግን ተጠቃሚው ሳያውቅ በመሸጡ የተገኘው ዋጋ ከሆነ፣ መውደቁ ትክክል ነው።

እኛም አገር ሕግ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ ሳይፈቅድ በኢሜይል ማስታወቂያ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል። ኢሜይል ሳጥኔ ውስጥ ያለ ፈቃዴ የገባው ማስታወቂያ ጥፋት ከሆነ፣ የልጄ ውጤት ላይ የተለጠፈው ከዚያ የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለፈቃድ ትልቅ ቦታ ይሰጣል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ለአንድ አካል የተሰጠ ፈቃድ በሽያጭ ወደ ሌላ አካል ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለውን በግልጽ መመሪያ ቢመልስ፣ ለኤክስቴንሽን ብቻ ሳይሆን ለስልክ አፕሊኬሽኖችም፣ የደንበኛ ዝርዝር ይዘው ለሚሸጡ ድርጅቶችም ይጠቅማል። ካሊፎርኒያ ያለውን ኩባንያ አዲስ አበባ ሆነን እናዘዋለን ብዬ አይደለም። ሕጋችን ጥያቄውን አጥርቶ ካላስቀመጠው ግን ከሌሎች አገሮች ጋር ሆነን እንኳ የምንጠይቀው ነገር አይኖረንም።

ሕጉ እስኪመጣ የሚሠራ ሥራም አለ። ክሮምም ሆነ ኤጅ የመሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊ ኤክስቴንሽንን በሙሉ ዘግቶ የተመረመሩትን ብቻ እንዲፈቅድ ያስችላሉ። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ለምን አይደረግም? እነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ የሚከፈተው የሌላ ሰው መረጃ ነው፤ ጫኚው የፈቀደው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም። ፒዲኤፍ የሚቀይር ለሚፈልግ ደግሞ የታመነ ፕሮግራም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይጫንለት፤ አማራጭ ሳይሰጡት «አትጫን» የተባለ ሠራተኛ ነገ መልሶ ይጭናል።

የፈተና ውጤት፣ የፓስፖርት ቀጠሮ፣ የግብር ክፍያ፣ የመታወቂያ ምዝገባ በድረ ገጽ የሚያስተናግዱ ተቋማት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነገር ማድረግ ይችላሉ። በገጹ አናት ላይ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በትግርኛም በሌሎችም ቋንቋዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ይህ ገጽ ማስታወቂያ የለውም፤ ማስታወቂያ ካዩ የመጣው ከሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ነው፤ አይጫኑት።» በጀት አይጠይቅም፣ ጨረታ አያስፈልገውም፣ የአንድ ባለሙያ የከሰዓት ሥራ ነው። የሚቀጥለው የውጤት ማሳወቂያ ቀን ሳይደርስ ይጻፍ።